በክንድ ስለሚቀበረው መድኃኒትና ስለ ማኅፀን፤ ለክርስቲያን ባልና ሚስት የተሰጠ ምክር

አንባቢ ሆይ፤ በባሌ ደጋ፥ በሮቤና በጎባ፥ እስከ ሶፍ ዑመርም ድረስ፥ ልጆቻቸውን አራርቀው ለመውለድ ሲሉ በክንዳቸው ቆዳ ሥር መድኃኒት ያስቀበሩ ሴቶች አሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ባለ አንድ ዘንጉን ኢምፕላኖን በየጤና ኬላው እንዲቀብሩ ስለ ተደረገ፥ ነገሩ ወደ ገጠር ቤትም ደርሷል። ነገር ግን ሥራው ባለመታወቁ በአንዳንድ ትዳር ጥርጥርና ጠብ ይገባልና፥ ምክንያቱን እናስተውል።

ማኅፀን እንግዳ እንደምትጠብቅ የቤት እመቤት ናት። በየወሩ ውስጠኛ ሽፋኗን ታወፍራለች፤ ፅንስ ባልመጣ ጊዜ ያ ሽፋን ፈርሶ ከደም ጋር ይወርዳል፤ የወር አበባ የምንለው ይህ ነው። በክንድ የተቀበረው መድኃኒት ግን ፕሮጄስቲን የሚባለውን ቅመም ዕለት ዕለት በጥቂት በጥቂቱ ወደ ደም ይሰድዳል። ዋና ሥራው የሴቲቱ ዕንቍላል እንዳይወጣ መከልከልና የማኅፀንን አፍ ፈሳሽ ማወፈር ነው፤ ከዚህም ጋር የማኅፀንን ሽፋን ያሳሳዋል። በሳሳው ሽፋን ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ቀጭንና በቀላሉ የሚሰነጠቁ ስለሚሆኑ፥ ደም ያለ ቀኑ ይንጠባጠባል።

ስለዚህ አንዲቱ ለብዙ ቀን ጥቂት በጥቂት ይፈስሳታል፤ ሌላይቱ አልፎ አልፎ ብቻ ታያለች፤ ከአምስት ሴቶችም አንዲቱ ያህል ደሙ ይቀርባታል። አንዳንዶች የቀረው ደም፥ የዌብ ወንዝ በሶፍ ዑመር ዋሻ እንደሚሰወር፥ በሆድ ተሰውሮ የሚቆይ ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም። ዌብ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ በዚህች ሴት ግን የወፈረ ሽፋን የለምና የሚጠራቀም ደም የለም። መድኃኒቱም በወጣ ጊዜ ሽፋኑ እንደ ቀድሞው ይመለሳል፤ አብዛኞቹ ሴቶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መፅነስ ይቻላቸዋል። በማኅፀን ያደረውን ፅንስ የሚያስወርድም አይደለም።

እንግዲህ ባል ሆይ፤ ሚስትህ ያለ ቀኗ ደም ባየች ጊዜ አመንዝራለች ብለህ አትፍረድባት፥ ለጎረቤትም አታውራባት። በወንጌል ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴት አስብ፤ ጌታችን በሕዝብ ፊት አከበራት እንጂ አላሳፈራትም። አንተም ከሚስትህ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ፥ ጠይቅም።

አንቺም እኅቴ ሆይ፤ ስለ ደሙ አፍረሽ ከጸሎት ጉባኤ አትቅሪ። ነገሩን ከባልሽ ጋር በግልጥ ተመካከሪ። መድኃኒቱን በምላጭ ለማውጣት ከቶ አትሞክሪ፤ ይህ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ደሙ ቢበረታ፥ ሆድሽን ጽኑ ሕመም ቢይዘው፥ ከባልሽ ጋር ከተገናኘሽ በኋላ ደም ብታዪ፥ ወይም የእርግዝና ምልክት ቢታይብሽ፥ መድኃኒቱ ነው ብለሽ ዝም አትበዪ፤ ፈጥነሽ ታዪ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የምትውጪ እንደ ሆነም አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ሪፋምፒሲን የሚባለው የክንዱን መድኃኒት ኃይል ያደክመዋልና።

ትዳር በጥርጥር ይፈርሳል፤ በመጠየቅና በመታገሥ ግን ይጸናል። ይህን ያነበብህ ወንድም፥ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤትህ፥ ክርስቲያንም ቢሆን እስላም፥ በትሕትና ንገረው። ጸጋ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።