ኩላሊት ለተተከለላት ልጄ

ልጄ፣ እንኳን ከእጥበት ማሽን ገላገለሽ። በሰፈራችን በዳንፎርዝ ቡና በተፈላበት ሁሉ «የእገሊት ክኒን ካንቺው ይሻላል» የሚልሽ አይጠፋምና እነዚህን ምክሮች ያዢ።

1. ደህና ነኝ ብለሽ አታቋርጪ። ኩላሊቱ የሌላ ሰው መሆኑን ሰውነትሽ አይረሳም፤ ደህና የሆንሽው መድኃኒቱን ስለምትወስጂ ነው።

2. ሰውነትሽ ኩላሊቱን እንዳይገፋ ታክሮሊመስ ያዘዙልሽ በምክንያት ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው የሲምፎኒ ጥናት 1,645 ሰዎችን በ4 ቡድን ከፍሎ አወዳድሯል። ሰውነታቸው ኩላሊቱን አልቀበልም ያለባቸው፣ በአነስተኛ መጠን ታክሮሊመስ ከወሰዱት ከ100 ሰው 12 ያህሉ ነበሩ፤ በተለመደው መጠን ሳይክሎስፖሪን ከወሰዱት 26፣ በአነስተኛ መጠን ሲሮሊመስ ከወሰዱት ደግሞ 37 ያህሉ።

3. ጉዳት የሌለው መድኃኒት አትፈልጊ፤ የለም። ታክሮሊመስ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ የስኳር በሽታም ሊያስከትል ይችላል። ሳይክሎስፖሪን ድድ ያሳብጣል፣ ፀጉር ያበዛል። ሲሮሊመስ ቁስል ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል፣ የደም ቅባት ይጨምራል። የሚያስቸግርሽን ለሐኪምሽ ንገሪ እንጂ በራስሽ አትቀንሺ።

4. ልጅ መውለድ ካሰብሽ ከማርገዝሽ በፊት ተናገሪ። ከታክሮሊመስ ጋር አብሮ የሚሰጠው ማይኮፌኖሌት ፅንስ ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ በአዛታዮፕሪን ይተካል።

5. የክኒንሽ መጠን ከጎረቤትሽ ቢበልጥ አትደንግጪ። ከአፍሪካ የዘር ሐረግ ያለን ብዙዎቻችን ታክሮሊመስን ሰውነታችን ቶሎ ይጨርሰዋል። ለምርመራ ደም በምትሰጪበት ጠዋት ክኒኑን ሳትውጪ ሂጂ፤ የሚለካው ከቀጣዩ ክኒን በፊት በደምሽ የቀረው ነው። በቀን 1 ጊዜ የሚዋጠውና 2 ጊዜ የሚዋጠው ታክሮሊመስ አይተካኩምና ፋርማሲ ውስጥ ካርቶኑን አንብቢ።

6. ግሬፕፍሩት ተዪ፤ መድኃኒቱን በደምሽ ውስጥ ያበዛዋል። ክላሪትሮማይሲንም እንዲሁ፤ የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ ያሳንሰዋል። የአገር ቤት መድኃኒት ሳትጠይቂ አትቅመሺ። ክትፎሽ በደንብ ይብሰል። ጾም ሲገባ ከሐኪምሽም ከንስሐ አባትሽም ጋር ተነጋገሪ፤ የክኒኑ ሰዓት ግን አይዛነፍ፣ ውኃም አይቅር።

7. አገር ቤት ስትሄጂ ከሚበቃሽ በላይ መድኃኒት በእጅ ሻንጣሽ ያዢ። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩላሊት ቢተክልም፣ ያንቺው ዓይነት ክኒን በየፋርማሲው ይገኛል ብለሽ አትመኪ። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ቫይረስ ስላለበት፣ ሳትወስጂ የምትጓዢበትን ደብዳቤ ሐኪምሽን ጠይቂ።

8. ማወዳደር ካማረሽ የኩላሊትሽን ሥራ በደም ምርመራ የሚያሳየውን የዛሬውን ክሬአቲኒንሽን ካለፈው ወር ክሬአቲኒንሽ ጋር አወዳድሪ። ከፍ ካለ በዚያው ቀን ደውዪ፤ ሰውነት ኩላሊቱን መግፋት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፣ ቶሎ ከተደረሰበት ግን ይታከማል።