መፈተሻው ቦታውን ያሳያል፤ ዕቃውን የሚለዩት እርስዎ ነዎት

በዴንቨር ከተማ በጥበቃ ለመሥራት የከተማዋ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ በፍርድ ቤት፣ በሆስፒታል ወይም በአዳራሽ በር ላይ ለመቆም ያበቃዎታል፤ የብረት መፈተሻውን መብራት ማንበብ ግን በሥራ ላይ የሚዳብር ችሎታ ነው። በዴንቨርም ሆነ በጎረቤቷ በአውሮራ ቢሠሩ መነሻው አንድ ነው፤ መብራቱ ብረቱ ያለበትን ቦታ እንጂ የዕቃውን ዓይነት አይነግርም።

ቦታውን ያንብቡ። ዘመናዊ መፈተሻዎች የሚያልፈውን ሰው ከራስ እስከ እግር በክፍል ከፍለው ያያሉ። የጋሬት ኩባንያ ፒዲ 6500አይ ለምሳሌ 33 ክፍሎች አሉት። የግራው መብራት ብቻ ሲበራ ብረቱ በግራ፣ ሁለቱም በአንድ ከፍታ ሲበሩ መሃል ላይ ወይም በሁለቱም ጎን ነው ማለት ነው። ከመጋዘን ሥራ የወጣ ሰው ሲያልፍ ታች በሁለቱም በኩል ከበራ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጫማው ብረት ነው። ይህ ግን ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ፍተሻን አይተካም።

በምልክቱ ብርታት አይፍረዱ። ከመፈተሻው የጎን ግድግዳ የተጠጋ ትንሽ ቁልፍ፣ መሃል ላይ ካለ ትልቅ ብረት የበለጠ ምልክት ሊሰጥ ይችላል። የዕቃው አቀማመጥና የብረቱ ዓይነትም ንባቡን ይለውጡታል።

«ቁልፌን ረስቼው ነው» ያለዎትን ሰው ቁልፉን አስቀምጦ እንደገና እንዲያልፍ ያድርጉ። ያው መብራት ከተመለሰ ቁልፉ ብቻ አልነበረም። በእጅ በሚያዘው መፈተሻ የበራውን አካባቢ ይፈትሹ፤ አንድ ብረት ስለተገኘ ፍተሻው አለቀ ማለት አይደለም።

ዳሌያቸው ላይ ብረት የተተከለላቸው እናት ሊያልፉ ሲመጡ ከሕዝቡ ፊት አያሳፍሯቸው። «እማማ፣ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ፤ ቀስ ብለን እናያለን» ብለው በአክብሮት ያስረዱ። የልብ ምት መቆጣጠሪያ እንዳላቸው ከነገሩዎት ግን በእጅ የሚያዘውን መፈተሻ ደረታቸው ላይ አያቆዩ፤ መሥሪያ ቤትዎ ለዚህ ያወጣውን ሌላ የፍተሻ መንገድ ይጠቀሙ።

ማንም ሳያልፍ መብራቱ ከበራ ዙሪያውን ይመልከቱ። የሚከፈት የብረት በር፣ የሚገፋ ጋሪ፣ የራስዎ ሬዲዮና ቁልፍ ማሽኑን ሊያሳስቱት ይችላሉ። የማሽኑን ማስተካከያ ግን በራስዎ አይንኩ፤ ለሱፐርቫይዘርዎ ያሳውቁ።

ሺፍትዎን ሲጀምሩ በተፈቀደው የሙከራ ዕቃ የመፈተሻውን በር ይሞክሩ። ዕቃውን ቁርጭምጭሚት፣ ወገብና ደረት ላይ፣ በግራም በቀኝም አድርገው ይለፉ፤ ትክክለኛው መብራት መብራቱን ያረጋግጡ። ካልበራ ሰው ከማሳለፍዎ በፊት ሪፖርት ያድርጉ። ሰዓቱን፣ የበራውን ክፍልና የተገኘውን ዕቃ በመዝገቡ ይጻፉ፤ አለቃዎ «ለምን አሳለፍከው?» ወይም «ለምን አስቆምከው?» ሲልዎት መልሱ እጅዎ ላይ ይሆናል።