የደጅ ብርሃን ወደ ቤት እንዴት ይገባል?

በጋምቤላ ክልል፣ በትየርኪዲ፣ በ2006 ዓ.ም. ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች የመጠለያ ጣቢያ ተከፈተ። እዚያም ሆነ በሌላው ገጠር የጭቃና የሣር ጎጆ ብዙ ነው። ደጁ በፀሐይ ሲነድ ጎጆው ውስጥ ግን ፊደል መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ኩራዝ እናበራለን። ጋዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ጭሱ ዐይንና ሳንባ ይጎዳል፤ በሣር ቤት ውስጥ እሳትም ያሰጋል። ታዲያ የደጁን ብርሃን ወደ ቤት ማስገባት አይቻልም? ይቻላል። አንድ ጠፍጣፋ መስታወት ይበቃል።

ብርሃን ቀጥ ብሎ ይጓዛል። መስታወት ሲመታ ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን እንዳሻው ሳይሆን በሕግ ነው። ብርሃኑ ባረፈበት ነጥብ ላይ፣ በመስታወቱ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ አለ እንበል። መጪው ጨረር ከዘንጉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን፣ ተመላሹ ጨረር በሌላው ወገን ከሚሠራው ማዕዘን ጋር ምን ጊዜም እኩል ነው። ይህን የግሪኩ ሊቅ ዩክሊድ ከ2300 ዓመት ገደማ በፊት ያውቀው ነበር።

አሁን እናስላ። ማዕዘን በዲግሪ ይለካል። ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ከመሬት ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል። ጧት በደጅ ዘንግ እናቁም። የጥላው ርዝመት ከዘንጉ ጋር ሲተካከል ፀሐይ ከመሬት 45 ዲግሪ ከፍ ብላለች ማለት ነው።

በራችን ወደ ፀሐይ የዞረ ከሆነ መስታወቱን ፀሐይ ባረፈችበት ደፍ ላይ እናጋድመው። መጪው ጨረር ከዘንጉ 90 − 45 = 45 ዲግሪ ይርቃል። ተመላሹም እንዲሁ 45 ይሆንና ወደ ጣሪያው ይወጣል። ጣሪያው በጭስ ስለጠቆረ ብርሃኑን ይውጠዋል።

የመስታወቱን የውጭ ጠርዝ 10 ዲግሪ ብናነሣውስ? ዘንጉም አብሮ 10 ዲግሪ ያዘነብላል። መጪው ማዕዘን 55 ይሆናል፤ ተመላሹም 55። ስለዚህ ጨረሩ በእጥፉ፣ በ20 ዲግሪ ዝቅ ይላል፤ ከመሬት 45 − 20 = 25 ዲግሪ ይሆናል። ሁለት ሜትር ርቆ ያለውን ግድግዳ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይመታዋል። እዚያ ነጭ ጨርቅ ብንሰቅል ብርሃኑ ቤቱን ይሞላል። ፀሐይ ስትወጣ መስታወቱንም እንደገና ማስተካከል ነው።

ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። ጨረሩን በሰው ዐይን ላይ አናብራ። ጎድጓዳ መስታወትም አንጠቀም፤ ጨረሮችን በአንድ ነጥብ ሰብስቦ ሣር ሊያቃጥል ይችላል።

ጥያቄ፦ ፀሐይ ከመሬት 30 ዲግሪ ከፍ ስትል፣ በተጋደመ መስታወት ላይ ተመላሹ ጨረር ከዘንጉ ስንት ዲግሪ ይርቃል?