ክርክሩን ማን አሸነፈ? የተመልካችን ፍርድ የመለካት ጣጣ

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሴፕቴምበር 26 ቀን 1960 ምሽት፣ በቺካጎ ከተማ በሚገኝ የሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ጣቢያ ስቱዲዮ ውስጥ፣ የማሳቹሴትሱ ሴናተር ጆን ኬኔዲና የወቅቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ለክርክር ቀረቡ። የሁለቱ ዋና ዋና የአሜሪካ ፓርቲዎች የፕሬዚዳንትነት ዕጩዎች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ሲከራከሩ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከ60 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንደተመለከተው ይገመታል። ኒክሰን ጉልበታቸው አመርቅዞ ሆስፒታል ሰንብተው ስለነበር ከስተውና ገርጥተው ነበር፤ የለበሱት ግራጫ ሙሉ ልብስም በጥቁርና ነጩ ምስል ላይ ከስቱዲዮው ግድግዳ ጋር ተመሳሰለ። ኬኔዲ ግን በጠቆረ ልብሳቸው ጎልተው፣ ረጋ ብለው ታዩ።

ከዚያ ምሽት በኋላ አንድ ታሪክ ተወለደ። ክርክሩን በሬዲዮ ያዳመጡ ሰዎች ኒክሰን አሸነፉ አሉ፤ በቴሌቪዥን የተመለከቱት ደግሞ ኬኔዲ አሸነፉ አሉ፤ ስለዚህ በቴሌቪዥን ዘመን መልክ ከነገር ይበልጣል። ይህ ታሪክ በመማሪያ መጻሕፍትና በጋዜጦች ላይ ለዐሥርት ዓመታት ሲነገር ኖሯል። ኬኔዲ በመጨረሻ ያሸነፉት ከ68 ሚሊዮን በላይ ድምፅ በተሰጠበት ምርጫ ከ120 ሺህ ባነሰ ልዩነት በመሆኑ፣ ለክርክሩ የተሰጠው ግምት እጅግ ከፍ አለ። እርግጥ ነው፣ ልዩነቱ ይህን ያህል ጠባብ ሲሆን ማንኛውንም ነገር «ወሳኙ ምክንያት ይህ ነበር» ማለት ቀላል ነው።

ነገሩ የታሪክ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዛሬም የፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ክርክር በተካሄደ ቁጥር የዜና አውታሮች በሰዓታት ውስጥ «እገሌ በዚህን ያህል በመቶ አሸነፈ» ይላሉ። መራጩም በዓይኑ ያየውን ትቶ የተባለውን ይዞ ወደ ድምፅ መስጫው ሊሄድ ይችላል። ይህ ቁጥር እንዴት እንደሚገኝና ምን እንደሚለካ ማወቅ ስለዚህ ዋጋ አለው።

የሬዲዮው አድማጭ ማን ነበር?

ከ1960ው ታሪክ በስተጀርባ የሚጠቀሰው ዋናው አኃዛዊ ማስረጃ ሲንድሊንገር የተባለ የጥናት ድርጅት ያካሄደው የአስተያየት መጠይቅ ነው። ከ2,100 በላይ ሰዎች በተጠየቁበት በዚህ ጥናት ክርክሩን በሬዲዮ የተከታተሉት 282 ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ 48.7 በመቶዎቹ ኒክሰንን፣ 21 በመቶዎቹ ኬኔዲን አሸናፊ አደረጉ። ከቴሌቪዥን ተመልካቾች መካከል ግን ለኬኔዲ 30.2፣ ለኒክሰን 28.6 በመቶ ተገኘ። የቀሩት እኩል ናቸው ያሉ ወይም ፍርድ ያልሰጡ ናቸው።

አንድ የስታትስቲክስ ተማሪ በመጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ «282 ሰው አያንስም ወይ?» የሚል ይሆናል። እስቲ እናስላ። በዘፈቀደ የተመረጠ ናሙና የስሕተት ወሰን በግርድፉ 1 ለናሙናው ብዛት ካሬ ሥር ሲካፈል የሚገኘው ነው። የ282 ካሬ ሥር ወደ 16.8 ስለሚጠጋ ውጤቱ 6 በመቶ ገደማ ይሆናል። በኒክሰንና በኬኔዲ መካከል በሬዲዮ አድማጮች ዘንድ የታየው ልዩነት ግን ከ27 በመቶ በላይ ነው። የናሙናው ማነስ ብቻውን ይህን ልዩነት ሊያስገኝ አይችልም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

በ1960 ከዐሥር የአሜሪካ ቤቶች ዘጠኝ በሚያህሉት ውስጥ ቴሌቪዥን ነበር። በሬዲዮ ብቻ ያዳመጡት እንግዲህ እነማን ነበሩ? ጥናቱን ኋላ የመረመሩ ምሁራን እንዳመለከቱት፣ ሬዲዮ ይበልጥ የቀረው በገጠር ሲሆን፣ በዚያ የሚበዙት ፕሮቴስታንቶች የካቶሊኩን የኬኔዲን ዕጩነት በጥርጣሬ ይመለከቱ ነበር። እነዚህ ሰዎች ክርክሩ ሳይጀመርም ልባቸው ወደ ኒክሰን ያዘነበለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጠይቁ የለካው የምስልን ኃይል ነው ወይስ የአድማጩን የቀድሞ ዝንባሌ? ከቁጥሮቹ መለየት አይቻልም። የኢትዮጵያን አማካይ የአየር ሙቀት ለማወቅ ቴርሞሜትሩን ዳሎል ላይ ብቻ ተክሎ ሺህ ጊዜ ቢያነቡት የንባቡ መብዛት ስሕተቱን አያርመውም፤ ከአንድ ቦታ የመለካቱ አድልዎ እንዳለ ይቀራል።

መፍትሔው ቁጥጥር ያለበት ሙከራ ነው። ጄምስ ድራክማን የተባሉ አሜሪካዊ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር በ2003 ባሳተሙት ጥናት ስለ ክርክሩ የቀደመ ዕውቀት የሌላቸውን ወጣቶች ሰብስበው በዘፈቀደ ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን የ1960ውን ክርክር በምስል ተመለከተ፤ ሌላው ድምፁን ብቻ አዳመጠ። ማን ወደየትኛው ቡድን እንደሚገባ የወሰነው ዕጣ በመሆኑ ሃይማኖትም ሆነ የመኖሪያ ቦታ ሁለቱን ቡድኖች በዘልማድ ሊለያያቸው አይችልም። ውጤቱ እንደሚያሳየው ምስሉን ያዩት ኬኔዲ አሸነፉ የማለት ዕድላቸው ካዳመጡት ይልቅ ከፍ ያለ ነበር፤ ዕጩዎቹንም ሲመዝኑ ለሰውየው ጠባይና ታማኝነት የሰጡት ክብደት የበለጠ ነበር።

እንግዲህ አሮጌው ታሪክ እውነት ኖሯል ማለት ነው? በከፊል። ምስል ፍርድን እንደሚያዛባ ሙከራው ያሳያል፤ ነገር ግን በአርባ ዓመት በኋላ ያሉ ወጣቶች የ1960ውን መራጭ ሊወክሉ አይችሉም። በእኔ አስተያየት ትልቁ ትምህርት ከዚህ የተለየ ነው፤ አንድ መደምደሚያ ትክክል ሆኖ የቀረበለት ማስረጃ ግን ፋይዳ የሌለው ሊሆን ይችላል።

መለኪያው የሚለካውን ሲለውጥ

ሰዎች የሚያዩትን ወይም የሚሰሙትን በየሰከንዱ ምን ያህል እንደወደዱት ለመመዝገብ የተደረገው ጥረት ከክርክሮቹ በፊት የጀመረ ነው። ፖል ላዛርስፌልድና ፍራንክ ስታንተን የተባሉ ተመራማሪዎች ለሬዲዮ ፕሮግራሞች አንድ መሣሪያ ሠርተው ነበር። አድማጩ አንዱን ቁልፍ ሲወድ፣ ሌላውን ሲጠላ ይጫናል፤ ምልክቱም በሚሽከረከር ወረቀት ላይ ይሰፍራል። የሚገርመው፣ ይኸው ስታንተን በ1960 የመጀመሪያው ክርክር የተላለፈበት የሲ.ቢ.ኤስ. ፕሬዚዳንት ነበሩ። ዛሬ በቁልፎቹ ፋንታ በእጅ የሚዞር መቆጣጠሪያ ገብቷል። የጥቂት ሰዎች አማካይ ስሜትም ከተከራካሪዎቹ ሥር እንደ ትል ወዲያና ወዲህ በሚል መስመር በቀጥታ ሥርጭት ላይ ይታያል።

እዚህ ላይ የፊዚክስ ተማሪ አንድ ነገር ሊያስታውስ ይገባል። በሲኒ ውስጥ ያለን ጥቂት ውኃ በትልቅ ቴርሞሜትር ብንለካ ቴርሞሜትሩ ራሱ የውኃውን ሙቀት ይለውጠዋል። በ2010 በብሪታንያ በተካሄደው የፓርቲ መሪዎች ክርክር ወቅት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች 150 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ሥርጭቱን አሳዩአቸው። በምስሉ ላይ ግን ራሳቸው ያዘጋጁት ሐሰተኛ መስመር ተደርቦ ነበር። ለአንዱ ቡድን መስመሩ ለጎርደን ብራውን፣ ለሌላው ለኒክ ክሌግ ያደላ ነበር። ተመልካቾቹ መስመሩ የወላዋይ መራጮች ስሜት መስሏቸው ነበርና፣ የትኛው ተከራካሪ አሸነፈ ተብለው ሲጠየቁ ፍርዳቸው ባዩት መስመር አቅጣጫ ጉልህ በሆነ መጠን አዘነበለ። ክርክሩ የጠቅላይ ሚኒስትር እንጂ የፕሬዚዳንት ዕጩዎች ባይሆንም ነገሩ ያው ነው።

ሳቅና ጭብጨባም እንዲሁ ይሠራሉ። በ1984 በካንሳስ ሲቲ ከተማ በተካሄደው ክርክር የ73 ዓመቱ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ስለ ዕድሜያቸው ሲጠየቁ፣ የተፎካካሪያቸውን ወጣትነትና ልምድ ማነስ ለፖለቲካ ጥቅም አላውለውም የሚል መንፈስ ያለው ቀልድ ጣሉ። ተፎካካሪው ዋልተር ሞንዴል የ56 ዓመት ጎልማሳ ነበሩና አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ሞንዴልም ራሳቸው ሳቁ። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች የቪዲዮውን ቅጂ ቀነባብረው ቀልዱን ትተው የአዳራሹን ሳቅ ብቻ አጠፉት። ይህን ቅጂ ያዩ ሰዎች ለሬገን የሰጡት ግምት ሳቁን ከሰሙት ይልቅ በእጅጉ ዝቅ አለ። ቃሉ ያው፣ ሰውየውም ያው ነበር። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚለው ተረታችን ስለ ቴሌቪዥን የተነገረ ይመስላል።

በዚያ ሌሊትና በማግስቱ

ኦክቶበር 6 ቀን 1976 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ከጂሚ ካርተር ጋር ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲከራከሩ፣ ምሥራቅ አውሮፓ በሶቪየት ኅብረት የበላይነት ሥር አይደለም የሚል ትርጉም ያለው መልስ ሰጡ። የጊዜውን የዓለም ሁኔታ ለሚያውቅ ሰው ይህ ግልጽ ስሕተት ነበር። ሆኖም ክርክሩ እንዳለቀ በዚያው ሌሊት በስልክ የተጠየቁ ተመልካቾች ፎርድን ተሸናፊ አላደረጉም፤ ስለ ምሥራቅ አውሮፓ ያነሡትም እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። በማግስቱ ጋዜጦችና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ስሕተቱን ደጋግመው ካነሡት በኋላ ግን ምሽት ላይ የተጠየቁት በከፍተኛ ልዩነት ካርተር አሸነፉ አሉ። ክርክሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በመካከል ያለፉት ሰዓታት ወሬ ነው። ስለዚህ የአስተያየት ጥናት ውጤት ሲቀርብልን «ስንት ሰው ተጠየቀ?» ከማለት እኩል «በስንት ሰዓት ተጠየቀ?» ማለት ያስፈልጋል። (በዚያው ዓመት በመጀመሪያው ክርክር ላይ ድምፁ ተቋርጦ ሁለቱ ዕጩዎች ለ27 ደቂቃ ያህል በየቦታቸው ዝም ብለው ቆመው ነበር።)

የተመልካቹ ስብጥርም ሌላ ወጥመድ ነው። በ2016 ሂላሪ ክሊንተንና ዶናልድ ትራምፕ ካደረጉት የመጀመሪያ ክርክር በኋላ የሲ.ኤን.ኤን. ጣቢያ ካስጠየቃቸው ተመልካቾች 41 በመቶ ዴሞክራት፣ 26 በመቶ ሪፐብሊካን፣ 33 በመቶ ገለልተኛ ነን ያሉ ነበሩ። አሁን ለልምምድ ያህል አንድ የምናብ ክርክር እናስብ፤ ከየፓርቲው ደጋፊ 90 በመቶው የራሱን ዕጩ አሸናፊ ያደርጋል፣ ገለልተኞቹ እኩል ለእኩል ይከፈላሉ። ለዴሞክራቷ ዕጩ የሚገኘው 0.41 × 0.9 ሲደመር 0.26 × 0.1 ሲደመር 0.33 × 0.5፣ ማለትም 56 በመቶ ነው። ሁለቱ ፍጹም እኩል የተከራከሩ ቢሆኑም 56 ለ44 የሚል ዜና ይወጣል ማለት ነው። በእውነተኛው ጥናት ክሊንተን ያገኙት 62 በመቶ ስለነበር ሁሉም የስብጥር ውጤት ነበር አይባልም፤ ከፊሉ ግን ሊሆን ይችላል። ጣቢያው ራሱም ናሙናው ክርክሩን የተመለከቱትን እንጂ መላውን መራጭ አይወክልም ሲል ነበር። የፈለገ ሁሉ ገብቶ ድምፅ የሚሰጥባቸው የኢንተርኔት ምርጫዎችማ ከቁም ነገር የሚቆጠሩ አይደሉም።

ክርክር ማሸነፍና ምርጫ ማሸነፍ ለየቅል ናቸው። በ2004 ጆን ኬሪ፣ በ2012 ሚት ሮምኒ በየመጀመሪያው ክርክር፣ በ2016 ክሊንተን በሦስቱም ክርክሮች በተመልካቾች ፍርድ በልጠው ነበር፤ ፕሬዚዳንት ግን አልሆኑም። በሴፕቴምበር 2024 ከተመልካቾች 63 በመቶ የሚሆኑት ካማላ ሃሪስ በለጡ ሲሉ በኖቬምበር ያሸነፉት ትራምፕ ናቸው። በሌላ በኩል ጁን 27 ቀን 2024 አትላንታ ላይ፣ ታዳሚ በሌለበት ስቱዲዮ፣ ጆ ባይደን ከትራምፕ ጋር ባደረጉት ክርክር 67 በመቶው ተመልካች ትራምፕን አሸናፊ አደረገ፤ ባይደንም አንድ ወር ሳይሞላ ከውድድሩ ወጡ። ይህን ያመጣው የአንድ ምሽት አኃዝ አልነበረም፤ የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ያዩትን አይተው መተማመን ማጣታቸው ነው።

በአገራችን የመንግሥት ሥልጣን የሚያዘው በምክር ቤት ምርጫ በመሆኑ የፕሬዚዳንት ዕጩዎች ክርክር የለም። ይሁንና በ1997 ዓ.ም. በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተላለፉትን የፓርቲዎች ክርክሮች ወላጆቻችሁ ያስታውሷቸው ይሆናል፤ ማን በለጠ ብላችሁ ጠይቋቸው፣ ቀጥሎም በዚያን ጊዜ ማንን ይደግፉ እንደነበር ጠይቁ።

የክርክር ክበብ ያለው ትምህርት ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ ከዚህ የተሻለ ማድረግ ይችላል። ክርክሩን በስልክ ቅረጹ። ተከራካሪዎቹን የማያውቁ ስድሳ ተማሪዎች ከሌላ ክፍል ጋብዛችሁ በርዕሱ ላይ ያላቸውን አቋም አስቀድማችሁ በወረቀት አስሞሏቸው። ከዚያም በዕጣ ከፍላችሁ ሠላሳዎቹን ምስሉን አሳዩ፣ ሠላሳዎቹን ድምፁን ብቻ አሰሙ። ፍርዳቸውን እርስ በርስ ከመነጋገራቸው በፊት ሰብስቡ፤ በማግስቱም ያንኑ ጥያቄ ድገሙላቸው። ሠላሳ ሰው ጥቂት ነውና የስሕተቱ ወሰን 18 በመቶ ያህል መሆኑን፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት ሲወሰድ ደግሞ ከዚህም እንደሚሰፋ በሪፖርታችሁ ላይ መጻፍ አትዘንጉ።