ከህንድ ገበያ ስንሸምት ልናስተውላቸው የሚገቡ ነጥቦች



ንግድ የተፈቀደ፣ ወለድ ደግሞ የተከለከለ መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም የለም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሱቅ ስንገባ የወርቁ ብልጭታና የሻጩ ምላስ አዘናግቶን የምንረሳው ብዙ ነው። ከከተሞቻችን ለንግድ ወይም ለሕክምና ወደ ህንድ የሚጓዘው ወገናችን ጥቂት አይደለም። ሲመለስም ለእናቱ ሻል፣ ለእህቱ አምባር፣ ለሙሽራይቱ ወርቅ ይዞ መምጣት ይፈልጋል። ታዲያ ገንዘቡ እንዳይበላ፣ ዲኑም እንዳይጎድል ምን ማወቅ አለበት? በአራት ነጥቦች እንመልከተው።

አንደኛ፦ የወርቅ ግዢ

በህንድ የወርቅ ጥራት ማህተም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በብዙ አውራጃዎች አስገዳጅ ሆኗል። ማህተሙ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ የህንድ የደረጃዎች ቢሮን ምልክት፣ የጥራቱን መጠን፣ እንዲሁም ለዚያ ጌጥ ብቻ የተሰጠ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለ ስድስት ሆሄ መለያ። ባለ 22 ካራቱ 916፣ ባለ 18 ካራቱ 750 የሚል ቁጥር አለበት። ይህም ከ1000 እጅ 916ቱ ወይም 750ው ንጹሕ ወርቅ ነው ማለት ነው። ገዢ ማጉያ መነጽር አስመጥቶ ማህተሙን ማየት መብቱ ነው፤ አያፍርበት።

በጃይፑር ከተማ በጆሃሪ ባዛር የሚሸጠው ኩንዳን የተባለው ጌጥ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኩንዳን ድንጋዮቹ በስስ የወርቅ ቅጠል ተከበው የሚያዙበት፣ ውስጡም ላክ በተባለ ሙጫ የሚሞላ ጌጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ማህተሙ አስገዳጅ ሲደረግ ኩንዳን ከግዴታው ውጭ ከተደረጉት ጌጦች አንዱ ነበር። ስለዚህ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ድንጋዩም ሙጫውም አብሮ እንደሚመዘን አትርሱ። ጠቅላላው ክብደት፣ የወርቁ የተጣራ ክብደት እና የእጅ ዋጋው በደረሰኙ ላይ ተለያይተው ይጻፉ። በተጨማሪም በደቡብ ህንድ በብዛት የሚሠራው የቤተ መቅደስ ጌጥ የሂንዱ አማልክት ምስል የሚቀረጽበት ስለሆነ፣ ሙስሊም ገዢ ከመክፈሉ በፊት አገላብጦ ይመልከት።

ሁለተኛ፦ አሮጌ ወርቅ በአዲስ መለወጥ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሱቆቹ አሮጌውን ወርቅ መዝነው፣ ከዋጋው ቀንሰው፣ ልዩነቱን በገንዘብ አስከፍለው አዲስ ይሰጣሉ። ለገዢው ይህ ቀላል ልውውጥ ይመስለዋል። ነገር ግን ወርቅ በወርቅ ሲለወጥ በክብደት እኩል፣ ርክክቡም እጅ በእጅ መሆን እንዳለበት ብዙኃኑ ዑለማ ያስተምራሉ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከኸይበር ምርጥ ተምር ያመጣላቸው ሰው ብዙ ተራ ተምር ሰጥቶ ጥቂት ምርጥ ተምር መለወጡን ሲነግራቸው ከልክለውታል። መውጫውንም አሳይተውታል፤ ተራውን በገንዘብ ይሽጥ፣ በገንዘቡም ምርጡን ይግዛ። እኛም አሮጌውን ሸጠን፣ ገንዘቡን በእጃችን ተቀብለን፣ ከዚያ በኋላ እንግዛ። ይህ ለኪሳችንም ይጠቅማል፤ ገንዘቡን የያዘ ሰው ዋጋ ካልተስማማው ወደ ቀጣዩ ሱቅ መሄድ ይችላልና።

በተመሳሳይ አንዳንድ ሱቆች ደንበኛው በየወሩ ገንዘብ እንዲያስቀምጥ አድርገው በመጨረሻ ተጨማሪ ጥቅም የሚሰጡበት ዕቅድ አላቸው። ዓሊም ሳይጠየቅ የሚገባበት ውል አይደለም።

ሦስተኛ፦ ሐርና ሻል

ወርቅና ሐር ለሴቶቻችን የተፈቀዱ፣ ለወንዶች ግን የተከለከሉ መሆናቸው ይታወቃል። የህንድ ሸማኔዎች ለዚህ ያበጁት መላ መሽሩዕ ይባላል። ቃሉ ዐረብኛ ሲሆን ትርጉሙ የተፈቀደ ማለት ነው። በጉጅራት ክፍለ ሀገር የሚሠራው ይህ ጨርቅ ድሩ ሐር፣ ማጉ ጥጥ ሲሆን፣ ሐሩ ወደ ውጭ፣ ጥጡ ወደ ገላ እንዲሆን ተደርጎ ይሸመናል። ዑለማዎች በድብልቁ መጠን ላይ የተለያየ አስተያየት ስላላቸው ወንዶች ጠይቀው ቢለብሱ ይመረጣል። ዛሬ በብዙ መሽሩዕ ላይ ሐሩ በሬዮን መተካቱንም ገዢ ሊያውቅ ይገባል። ሐር መሆን አለመሆኑን ለመለየት ከጠርዙ አንድ ክር አስመዝዛችሁ አቃጥሉት። ሐር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቃል፤ ጥጥና ሬዮን እንደ ወረቀት ይነዳሉ፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል።

የካሽሚር ፓሽሚና በላዳክ ደጋማ ቦታዎች ከሚረባ ፍየል የሚገኝ ሱፍ ነው። አንዳንድ ሻጮች ሻሉን በቀለበት ውስጥ አሳልፈው እውነተኛነቱን ያረጋገጡ ይመስላሉ፤ ስስ የሆነ የፋብሪካ ሻልም ስለሚያልፍ ይህ ማስረጃ አይሆንም። ሻህቱሽ የሚባለው ደግሞ የሚሠራው የቲቤት ድኩላ ተገድሎ ከሚወሰድ ፀጉር ነው። ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ስለሆነ ስጦታ ብሎ የያዘው ሰው ወንጀለኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አራተኛ፦ የሠራተኛው ሐቅ

በቫራናሲ (ባናራስ) ከተማ የሚሸመነው ዝነኛው ባለወርቅ ዘቦ ሐር በአብዛኛው የሙስሊም ሸማኔዎች እጅ ሥራ ነው። እነዚህ አንሳሪ የሚባሉ ቤተሰቦች ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል። በሞተር ተሸምኖ «ባናራሲ» ተብሎ የሚሸጠው አስመሳይ ግን ገበያቸውን እየነጠቀ ነው። የእጅ ሽመና ምልክት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ፣ የንጹሕ ሐር ምልክት ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ስላሉ ገዢ ጠይቆ ሊያያቸው ይችላል።

እዚህ ላይ ራሳችንን እንጠይቅ። ሸማኔ ሲናቅ በኖረበት አገር አድገን፣ የሳምንታት ድካም ያለበትን ሥራ በተራ ጨርቅ ዋጋ ካልሸጥክ ብለን ሙግት ስንይዝ ትርፉ ምንድን ነው? መከራከር ሱቁ የሚያውቀው ደንብ ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን ሻጭ ጉድለቱን እንዳይደብቅ የምንፈልግ ከሆነ፣ እኛም የደሃውን ችግር አይተን ዋጋውን አንጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሸጥም ሲገዛም ገር ለሆነ ሰው የአላህን እዝነት መለመናቸውን አንርሳ።

ሻሉ ያረጃል፣ አምባሩም ይሸጣል፤ የሚዛኑ ጥያቄ ግን ሻጩንም ገዢውንም ይጠብቃል። አላህ (ሱ.ወ) ሐላሉን ያብቃቃን። ወላሁ አዕለም።