20ኛው እርምጃ ላይ ቆም በሉ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አስቀምጡና የቼዝ ሰሌዳችሁን ዘርጉ። የምንደግመው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1972 በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይኪያቪክ የተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና 6ኛ ጨዋታ። ነጩን አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር፣ ጥቁሩን የሶቭየት ኅብረቱ የዓለም ሻምፒዮን ቦሪስ ስፓስኪ ይዘዋል። እስከዚያ ሁለት ተኩል ለሁለት ተኩል እኩል ነበሩ።

ከጨዋታው መዝገብ ላይ የሚቀጥለውን እርምጃ በወረቀት ሸፍኑ። መጀመሪያ ግምታችሁን ተናገሩ፣ ከዚያ ግለጡ። የተጻፈውን እየተከተሉ መግፋት ጣትን እንጂ ጭንቅላትን አያሠራም።

ገና ከመጀመሪያው ሳትሳሳቱ አትቀሩም። ፊሸር ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መልኩ ጨዋታ የሚከፍተው በንጉሡ ፊት ባለው ወታደር ነበር። ያን ቀን ሌላ ወታደር ገፋ፤ ተጋጣሚው አሳምሮ ወደሚያውቀው ሜዳም ገባ። በዚያ ትልቅ ቀን የለመደውን መተው! እኔ ይህን ድፍረት ከድሉ በላይ እወደዋለሁ።

20ኛው እርምጃ ላይ ደግሞ ረዘም አድርጋችሁ ቆዩ። ስፓስኪ መሐል ያለውን ወታደሩን ወደ ፊት ገፋው። ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን ወታደሩ የለቀቀው ሰያፍ መስመር ለነጩ ቢሾፕ ተከፈተለት። ከሦስት እርምጃ በኋላ ቢሾፑ መስመሩን ያዘ። ከዚያ በኋላ የጥቁር ንግሥት ከ32ኛው እስከ 36ኛው እርምጃ በሁለት ካሬዎች መካከል ወዲያ ወዲህ ስትመላለስ ታያላችሁ፤ የሚረባ ሌላ መሄጃ አልነበራትም። ፊሸር ግን አልቸኮለም። ጸጥ ያሉ እርምጃዎችን እየደረደረ ቆይቶ በ38ኛው ሩኩን ለፈረስ ሠዋ። በ41ኛው ስፓስኪ እጁን ሰጠ።

አዳራሹ ሲያጨበጭብ ተሸናፊው ስፓስኪም አብሮ አጨበጨበ። የተሸነፈበትን ጨዋታ ውበት ለማየት ዓይኑን አልጨፈነም!

እኛስ? የወደቅንበትን የፈተና ወረቀት አጣጥፈን እንደብቃለን። ያከሰረንን ሥራ ስሙን እንኳ ማንሳት አንፈልግም። አውጡት፣ ዘርጉት፣ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምራችሁ ድገሙት። መጨረሻው ላይ አትፍጠኑ፤ ያን ቀን ጥሩ የመሰላችሁን፣ ነገር ግን መስመሩን የከፈተውን እርምጃ ፈልጉ። ስታገኙት ቁጥሩን ጻፉና ነገ እንደገና ተጫወቱ።