ኢንደፊኒት ለምትጠብቂው ልጄ

ልጄ፣ ኢንደፊኒት የሚባለውን ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት አምስት ዓመት ነው ተብለሽ ለአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ እንግሊዝ ገባሽ። አራተኛውን ልትጨርሺ ስትይ ደግሞ መንገዱ ሊረዝም ነው የሚል ወሬ መጣብሽ። እንቅልፍ እንደነሣሽ አውቃለሁና የምልሽን ቀስ ብለሽ አንብቢው።

1. ሐሳብንና ሕግን ለዪ። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ባወጣው ሰነድ፣ ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የሚጠበቀውን ጊዜ በአብዛኛው ከ5 ወደ 10 ዓመት ማሳደግ እንደሚፈልግ ገለጸ። ኖቬምበር ላይ ዝርዝሩን ለሕዝብ ምክክር ሲያቀርብ በአንቺ ዓይነት ሥራ ለገቡት 15 ዓመት አለ። በሽማግሌ አልጋ ዳር ሌሊት ለምታነጋ ልጅ ይህ ፍትሕ አይመስለኝም። ሆኖም ደንቡ የሚለወጠው የማሻሻያው ሰነድ ፓርላማ ቀርቦ፣ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሲጻፍበት ነው። ቲክቶክ ላይ «ተዘጋ» ለሚልሽ ሁሉ ሰነዱንና ቀኑን ጠይቂው። ቀንሽ ሲደርስ የ5 ዓመቱ ደንብ ገና ካልተነካ፣ ጊዜው ሊሞላ 28 ቀን ሲቀረው ማመልከት ይቻላልና አንድም ቀን አታሳልፊ።

2. ከሀገር የወጣሽበትንና የተመለስሽበትን ቀን ጻፊ። ብዙ ልጆች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። በየትኛውም ተከታታይ 12 ወር ውስጥ ከ180 ቀን በላይ ውጭ መቆየት የዓመታቱን ቆጠራ ሊያበላሽ ይችላል። 12 ወሩም የሚቆጠረው ከጃንዩወሪ እስከ ዲሴምበር ብቻ አይደለም። በክረምቱ ለእናትሽ ሕመም አዲስ አበባ የከረምሽው ቀን፣ ከገናና ከጥምቀቱ ጋር ተደምሮ በአንድ 12 ወር ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። የአውሮፕላን ትኬትሽን፣ አሠሪሽ ፈቃድ የሰጠበትን ደብዳቤ፣ ፔይስሊፕሽን፣ በየዓመቱ የሚሰጥሽን የግብር ወረቀት አንድም ሳይጎድል አስቀምጪ። ኩባንያው ነገ ቢዘጋ ማስረጃውን የሚፈልግልሽ ሰው አይኖርም።

3. ለፈቃዱ የሚያስፈልገውን የላይፍ ኢን ዘ ዩኬ ፈተና አሁኑኑ ጨርሺ። 24 ጥያቄ ነው፣ 18ቱን መመለስ ይበቃል፣ ውጤቱም ጊዜ አያልፍበትም።

4. ገንዘብ አጠራቅሚ። የፈቃዱ ማመልከቻ ክፍያ በ2025 ለአንድ ሰው 3,029 ፓውንድ ደርሶ ነበር። ዕቁቡ ሲደርስሽ መጀመሪያ ይህን አስቢ።

5. «ሰው አለኝ፣ ላስጨርስልሽ» ለሚልሽ ገንዘብ አትስጪ። በዚያ ሀገር ሳይመዘገቡ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት ወንጀል ነው። ወደ ጠበቃ ወይም በሕግ ወደተመዘገበ አማካሪ ሂጂ።

6. ዝም አትበይ። እ.ኤ.አ. በ2006 መንግሥት መጠበቂያውን ከ4 ወደ 5 ዓመት ሲያሳድግ፣ በከፍተኛ ባለሙያዎች ፕሮግራም አስቀድመው የገቡ ስደተኞች ተባብረው ከሰሱ፤ በ2009 ፍርድ ቤቱ ለእነሱ ፈረደ። የእነሱ ጉዳይ በተለይ በጽሑፍ በተሰጣቸው ተስፋ ላይ የቆመ ስለነበር ለአንቺም ይሠራል ብዬ አላጽናናሽም። ግን መንገድ የጀመረ ሰው አቤት ማለት እንደሚችል ያሳያል። ምክክሩ እስከ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2026 ክፍት ነበር። አስቀድመው በሀገሪቱ ላሉት ምን ይደረግ ብሎም ጠይቋል። ምክክሩ ቢዘጋም፣ ስንት ዓመት እንደሠራሽ፣ ምን ተስፋ ተሰጥቶሽ እንደመጣሽ በራስሽ ቃል ለመንግሥቱ ጻፊ፤ የሥራ ባልደረቦችሽንም አስጽፊ።